የዋንዛዋ በሮች

«አየሁ! በዓይኔ አየሁ! ውሃ እየደፋች ነው!» እያለ ይጮሃል ፌስታሉ፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደተሰቀለ።

«ማን?» አለ ከታች ባለቀይ ክሩ ጀሪካን።

«ይህቺ ዋንዛ ናታ! እዚህ ተሰቅዬ የማየውን እናንተ የት ታዩታላችሁ? ሆዴን ተመልከት። ጠዋት ነፋስ አምጥቶ ቅጠሏ ላይ ሲያጠልቀኝ ደረቅ ነበርኩ። አሁን ሆዴ ጠብታ በጠብታ ሆኗል። ዝናብ አልዘነበም። ከቦኖው አልቀዳሁም። ታዲያ ከየት መጣ?»

ጀሪካኑ ቀና ብሎ አየ። እውነትም በፌስታሉ ሆድ ውስጥ ውሃው ያብረቀርቃል።

ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዕቃ ሁሉ ይናገር ነበር። ምሳር ይናገር ነበር። በር ይናገር ነበር። ፌስታልማ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። የማይሰማቸው ሰው ብቻ ነው። ሰው ያኔም የራሱን ወሬ ነበር የሚሰማው።

*

ቦታው ይህን ይመስላል። አንድ ሰፈር። በሰፈሩ መሃል አንድ ቦኖ፣ ሰው ሁሉ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ። ከቦኖው አጠገብ አንዲት ዋንዛ፣ ቅጠሏ እንደ ሳህን የሰፋ። ከዋንዛዋ ማዶ አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት፣ ባለ አንድ በር። ዕቃ ቤቱ የቦኖው ጠባቂ የጋሽ ደግፌ ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ሰው አይሰለፍም፤ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። ሰው ጀሪካኑን ተራ ያስይዝና ዋንዛዋ ጥላ ስር ተቀምጦ ያወራል። የፊተኛው ሲሞላ ባለቤቱ ብድግ ብሎ ያነሳዋል። ከዚያ ሌላው ሁሉ እየተነሳ የየራሱን ትንሽ ወደፊት ገፋ ያደርግና ወደ ወሬው ይመለሳል።

ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ነው። ሁሉም ቢጫ ስለሆነ ሁሉም ምልክት አለው። አንዱ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮበታል። አንዱ ጎኑ ላይ የባለቤቱ ስም በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። የእትዬ ትርንጎ ጀሪካን ምልክቱ ቀይ ክር ነው።

በዚያን ቀን ባለቀይ ክሩ ከሁሉም ፊት ነበር። ኩራቱ አይጣል ነው።

*

«ስሚ እንጂ፣ እትዬ ዋንዛ» አለ። «እኛ ገና ሳይነጋ መጥተን የተገተርነው ለውሃ ነው። አንቺ ከቦኖው የሚንጠባጠበውን ትጠጪና ለአየር ትደፊዋለሽ። ነውር አይደለም?»

«አልደፋውም። እለቀዋለሁ» አለች ዋንዛዋ።

«ምን ልዩነት አለው?»

ዋንዛዋ አሰበች። «ልዩነቱን ተናግሬው አላውቅም። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።»

«ክዳን የለሽም?» አለ ባለቆረቆንዳው። ክዳን የሌለው እሱ ነው፤ ግን ስለ ክዳን ማውራት ይወዳል።

«በሮች አሉኝ። በየቅጠሌ ስር፣ ዓይን የማያያቸው ትንንሽ በሮች። በየበሩ ሁለት ሁለት ዘበኛ አለ።»

«ዘበኞቹ ምን ይሰራሉ? ይተኛሉ?»

«አንተኛም!» አለ ከታችኛው ቅጠል አንድ ቀጭን ድምፅ።

«በቀን አንተኛም!» አለ ሌላ ቀጭን ድምፅ።

እነዚህ መንትዮቹ ዘበኞች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ይባላሉ። ውሃ ሲጠግቡ ይነፋሉ፤ ሲነፉ ጀርባቸው ይጎብጣል፤ በመሃላቸው በሩ ይከፈታል። ሲጠማቸው ይልፈሰፈሳሉ፤ ሲልፈሰፈሱ አንዱ ባንዱ ላይ ይለጠፋል፤ በሩ ይዘጋል።

«ታዲያ ዝጉት!» አለ ባለቀይ ክሩ። «እኔን እዩኝ። ክዳኔ ከጠበቀ አንዲት ጠብታ አትወጣም። ጨዋ ማለት እንዲህ ነው።»

ጀሪካኖቹ በሙሉ «እውነቱን ነው!» አሉ።

*

ጥላው ስር ደግሞ የሰዎቹ ወሬ ሌላ ነው።

«ጋሽ ደግፌ፣ ውሃው ዛሬም ቀጠነ እኮ» አለች እትዬ ትርንጎ። «ይህቺ ዛፍ ናት ከስር የምትመጠው።»

ቦኖው አሳለ። «የቀጠንኩት ጉሮሮዬ ዝጎ ነው። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እናገር ነበር» አለ። ሰው አልሰማውም።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ደግፌ። «ምሳሩን ስዬዋለሁ። ዛሬ ወረፋው ሲያልቅ እጥላታለሁ።»

«ተባረክ!»

ይህን ያወሩት ጀርባቸውን ግንዷ ላይ አስደግፈው ነው። ዋንዛዋ ሰማች። ዛፍ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ክፉ ሲሰማ ተነስቶ አይሄድም።

*

ምሳሩ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተደግፏል። ራሱ ብረት፣ እጀታው ወይራ።

«ዛሬ ሥራ አለን» አለው ለበሩ።

«አንተ አለህ» አለ በሩ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስጠላኝ። እርጥብ ግንድ። ስመታው ተሰንቅሬ እቀራለሁ። ጋሽ ደግፌ በእግሩ ረግጦ ይነቅለኛል፣ ይሰድበኛል። እስከ ማታ ትንሽ እንኳ ደረቅ ብትልልኝ…»

«በምን ትደርቃለች? ቧንቧ ስር እኮ ነው የቆመችው።»

«በምክር» አለ ምሳሩ። «አንተ መዝጋት ትወዳለህ አይደል? እሷንም አዘጋታለሁ።»

«እኔ ሁለቱንም ነኝ» አለ በሩ። «እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። መዝጋት ብቻ ቢሆንማ ግድግዳ ነበር የምባለው።»

ምሳሩ አልሰማውም። ወደ ዋንዛዋ ዞሮ ድምፁን አለስልሷል።

*

«እትዬ ዋንዛ፣ ጎረቤት ነንና ልምከርሽ። ሰዎቹ የጠሉሽ ስለምትደፊ ነው። አትድፊ። የላይኛውን ቅርንጫፍ በሮች ዝጊ። ቆጣቢ ናት ይሉሻል። ቆጣቢ ደግሞ አይቆረጥም።»

ዋንዛዋ ፈርታለች። ስለፈራችም ምክሩ ከማን አፍ እንደወጣ አላየችም።

«የላይ ዘበኞች! ዝጉ!»

«ጠግበናል እኮ! ጠግበን እንዴት እንዘጋለን?»

«ዝጉ ብያለሁ!»

እየተንጠራሩ፣ እየተገፋፉ ዘጉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ጀሪካኖቹ አጨበጨቡ። ጀሪካን በምን ያጨበጭባል? በክዳኑ።

ትንሽ ቆይቶ ከጫፏ ላይ አንዲት እርግብ ተነሳች። «ምነው ዛሬ፣ እግሬን ፈጀኝ!» ብላ ክንፏን አራግፋ ሄደች።

«ወፍ ነች፣ ተያት» አለ ምሳሩ።

*

«እትዬ ዋንዛ፣ ጥሩ ጀምረሻል። አሁን የመሃለኛውን።»

«የመሃል ዘበኞች! ዝጉ!»

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ጀሪካኖቹ አሁንም አጨበጨቡ። ትንሽ ቀነስ አድርገው ግን፤ ከላይ የሚመጣው አየር ሞቅ ብሏቸዋል።

ከታች እትዬ ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ታራግባለች። «ዛሬ ይህን ጥላ ምን ነካው? ምድጃ አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ እኮ!»

«እኔም ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ» አለ ጋሽ ደግፌ።

«ኑ ባካችሁ፣ እዚያ ጥግ ካለው ሱቅ በረንዳ ስር እንሂድ። እዚያ ነፋስ አለ» አለች እትዬ ትርንጎ።

ተነሱ። ወሬያቸውን ይዘው፣ የተቀመጡበትን ዱካ ይዘው ሄዱ። ጀሪካኖቻቸውን ተራ ላይ ትተው።

«ሰው ነው፣ ተዪው» አለ ምሳሩ።

*

«እትዬ ዋንዛ፣ አንድ ብቻ ቀረሽ። የታችኛውን።»

«የታች ዘበኞች…» አለች ዋንዛዋ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ቆይ ቆይ!» አለ ግራ። «በዚህ በር ውሃ ብቻ አይደለም የሚወጣው። የሚገባም አለ!»

«አየር ይገባል!» አለ ቀኝ። «ምግባችን የሚበስለው በእሱ ነው!»

«ከዘጋን ወጥ ቤቱ ሥራ ይፈታል!»

«ጾም እንውላለን!»

«መቆረጥ ይሻላችኋል?» አለች ዋንዛዋ።

መንትዮቹ ተያዩ። ዘጉ። ጠቅ።

በዚህ ጊዜ ነው ከመሬት ስር የሥሯ ጩኸት የተሰማው።

«እናንተ የላዮች! ምን ሆናችሁ? እዚህ ውሃ ሞልቷል፣ ግን ወደ ላይ የሚስበው የለም! እኔ ተቀባይ እንጂ ገፊ አይደለሁም! ከላይ ካልሳባችሁት አይወጣም!»

ቅጠሎቹ በሙቀቱ ጠውልገው፣ እንደተሰጣ እርጥብ ጨርቅ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በመሃላቸው ፀሐይ እየሾለከች መሬቱ ላይ ወረደች። ምሳሩ በቀስታ ያፏጫል።

*

ቦኖው ስር ምን ሆነ?

ባለቀይ ክሩ ሞላ።

«ሞላ! ቀጣይ!» አለ ቦኖው።

የሚያነሳው የለም። እትዬ ትርንጎ ሱቁ በረንዳ ላይ የጎረቤት ሙሽራ የለበሰችውን ቀሚስ እየተረከች ነው። ጋሽ ደግፌ ግድግዳ ተደግፎ አንቀላፍቷል። ቧንቧው ይወርዳል። ውሃው ከባለቀይ ክሩ አፍ ገንፍሎ በትከሻው፣ በጎኑ፣ በእግሩ ስር ይፈሳል።

«ሂድ እንጂ!» አሉ ከኋላው ያሉት።

«በምን እግሬ ልሂድ?»

«ውሃውን እየደፋኸው ነው!»

«አልደፋሁም! እሱ ነው የ…»

«ጨዋው!» አለ ባለቆረቆንዳው። «ክዳንህን አጥብቅና እንይህ! ጨዋ ማለት እንዲህ ነው ስትለን አልነበር?»

ሳቁ። ግን ሳቁ አልቆየም፤ ፀሐይዋ ደረሰችባቸው። ባዶ ጀሪካን ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል። ከመሃል ያለው ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። ስም የተጻፈበት ስሙ ተጣመመ።

«ወገቤ! ወገቤ እየሄደ ነው!» አለ ባለቆረቆንዳው። «አንተ ከፊት ቆመህ ሁላችንንም ልታቀልጠን ነው?»

ባለቀይ ክሩ ከእግሩ ስር የሚፈሰውን ውሃ ተመለከተ። ነገር እየገባው ነው።

«ቆይ» አለ። «እናንተ ያልቀረባችሁት እኔ ስላልሄድኩ ነው?»

«ይኸው ስንት ጊዜ እንጩህልህ!»

«ሥሯም እኮ ያለው ይህንኑ ነው! ውሃ አለ፣ የሚስበው የለም አለ። እሷም ውስጥ ወረፋ ነው ያለው! ከሥር እስከ ቅጠል የተሰለፈ የውሃ ወረፋ! የፊተኛዋ በበሩ ካልወጣች የኋላዋ አትመጣም። አልደፋችም፤ ተራ እያስኬደች ነበር!»

ከዚያም ጀሪካን ጮሆበት በማያውቅ ድምፅ ጮኸ።

«እትዬ ዋንዛ! ክፈቺ! በሮችሽን ክፈቺ!»

*

«አትስሚው!» አለ ምሳሩ። «ላስቲክ ነው! ላስቲክ ስለ ዛፍ ምን ያውቃል?»

«ስለ ዛፍ አላውቅም» አለ ባለቀይ ክሩ። «ስለ ወረፋ ግን አውቃለሁ።»

«ብከፍት ደፋች ብለው ይቆርጡኛል» አለች ዋንዛዋ። «ብዘጋ ቆሜ እደርቃለሁ።» ወደ ምሳሩ ተመለከተች። ወደ ብረቱ አይደለም፤ ወደ እጀታው። «አንተ ወይራ፣ አንተም እንደ እኔ ነበርክ። ምን ትላለህ?»

እጀታው ለብዙ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ምሳሩ ራሱ መኖሩን ረስቶት ነበር።

«እኔ በሮች እንደነበሩኝ እንኳ አላስታውስም» አለ እጀታው።

«ዘበኞች!» አለች ዋንዛዋ። «ክፈቱ!»

*

መክፈት እንደ መዝጋት ቀላል አይደለም።

«ጠምቶናል!» አለ ግራ። «ካልጠጣን አንነፋም!»

«ካልተነፋን አይከፈትም!» አለ ቀኝ።

«ትንሽ እርጥበት ቀርታልኛለች። እንካ፣ አንተ ጠጣ» አለ ግራ።

«ብቻዬን ተነፍቼ ምን ላደርግ? ባለ አንድ ወገን በር የት አለ? እንካፈላት።»

ተካፈሏት። ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ዝንፍ አላለም። በስተመጨረሻ ግራ «አንተ ወፍራም!» ብሎ ቀኝን ሰደበው። ቀኝ ሳቀ። ሲስቅ ጀርባው ጎበጥ አለ። በመሃላቸው ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች።

በቀዳዳዋ አንዲት የውሃ እስትንፋስ ሹልክ ብላ ወጣች። ከእሷ በላይ ቀጭን ነገር አይታችሁ አታውቁም።

እሷ ስትወጣ ከኋላዋ ያለችው ቀረበች። የዚያችኛዋ ኋላም። የዚያም ኋላ። በቅጠሉ ጅማት፣ በቅርንጫፉ፣ በግንዱ ወርዶ ወርዶ ሥሯ ድረስ ወረፋው ንቅንቅ አለ።

«ተሳበ!» አለ ሥሯ ከመሬት ስር። «ተሳበ! እልካለሁ! ምን ያህል ልላክ? ከላይ የፈሰሰልኝ ውሃ እዚህ ጉድ ሆኗል!»

የፈሰሰው የባለቀይ ክሩ ውሃ ነው። ባለቀይ ክሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ውሃው ወጣ። መንትዮቹ ጠጡ፣ ተነፉ፣ ጎበጡ። በሩ ወለል አለ። የታችኞቹ ከፈቱ። የመሃለኞቹ ከፈቱ። የላይኞቹ «ድሮም ብለናችሁ ነበር!» እያሉ ከፈቱ። የተንጠለጠሉት ቅጠሎች አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ጥላው ከፀሐይዋ ላይ ቦታውን መልሶ ወሰደ።

ቅዝቃዜም ወረደ።

*

«ነፋሱ ዞረ መሰለኝ» አለች እትዬ ትርንጎ ከሱቁ በረንዳ። ቀና ብላ ወደ ቦኖው አየች። «ውይ በሞትኩት! ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ ዝም ትላላችሁ?»

ሮጣ ደረሰች። ባለቀይ ክሩን አፈፍ አድርጋ ከቧንቧው ስር አወጣችው።

ወረፋው ገፋ አለ። ባለጨርቁ ቀረበ። ባለስሙ ቀረበ። ሰዎቹ ዱካቸውን ይዘው ወደ ጥላው ተመለሱ፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ወሬም ካቆመበት ቀጠለ። ባለቆረቆንዳው ሲሞላ ወገቡ እንደገና ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ወገቡ ስለመታጠፉ ማንም ቢያነሳበት ካደ።

*

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ወረፋው አለቀ። ጋሽ ደግፌ ቧንቧውን ዘጋና ምሳሩን አነሳ።

የተናገረ የለም። ፌስታሉ እንኳ።

«በይ እንግዲህ፣ ጎረቤቴ» አለ ምሳሩ። «ምክሬን ያልሰማሽው አንቺ ነሽ። እርጥብም ብትሆኚ እችልሻለሁ።»

ጋሽ ደግፌ ዋንዛዋ ስር ቆመ። መዳፉን ግንዷ ላይ አሳረፈ። ወደ ላይ አየና ምሳሩን ከፍ አደረገ። በምሳሩ አፍንጫ ፌስታሉን ከቅርንጫፉ ጎተተው። ፌስታሉ ሲገለበጥ በሆዱ የነበረው ውሃ ጋሽ ደግፌ አንገት ውስጥ ገባ።

«እፍፍፍ!» ብሎ ዘለለ። ከዚያ ሳቀ። «እትዬ ትርንጎ! ነይ እይ! አልቧታል እኮ!»

«ማንን?»

«ዛፏን ነዋ! እንደ እኔ አልቧታል!» ኮፍያውን አውልቆ የራሱን አንገት ጠረገ። አንድ ሰፊ ቅጠል ወደ ታች ጎንበስ አድርጎ ጉንጩ ላይ ለጠፈው፤ ይቀዘቅዛል። አልበጠሰውም። እንደዚያው ይዞት ቆየ።

እትዬ ትርንጎ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች። «ጋሽ ደግፌ፣ ለሚቀጥለው ፈረቃ እኔ የምቀመጠው እዚህ ነው። ይኸው እዚህ። ማንም እንዳይዝብኝ።»

«እሺ።»

«ዛፏንስ እጥላታለሁ ብለህ አልነበር እንዴ?»

«የትኛዋን ዛፍ?» አለ ጋሽ ደግፌ።

እሷ እየሳቀች ሄደች። ከጀርባዋ ባለቀይ ክሩ ክዳኑን በትንሹ ላላ አደረገ። አንዲት ጠብታ መንገዱ ላይ ጠብ አለች።

«ድሮም ጎበዝ ናት ብዬ ነበር» አለ ፌስታሉ። ነፋስ አነሳውና ወሬውን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

*

«መሸ» አለ ግራ።

«መሸ» አለ ቀኝ። «ጠግበናል ግን መሸ። እንዝጋ?»

«አሁን ዝጉ» አለች ዋንዛዋ። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ።

ከላይ ጀመሩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ወደ መሃል ወረዱ። ጠቅ፣ ጠቅ። መንትዮቹ ከሁሉም ኋላ ቀሩ፤ ጋሽ ደግፌ በየት በኩል እንደሚሄድ ማየት ፈልገው ነበር።

ጋሽ ደግፌ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ።

«ወዴት ነው?» አለ ምሳሩ። «ዛፏ እኮ ከኋላ ናት! ጋሽ ደግፌ! ስዬዋለሁ ብለህ አልነበር? ዞር በል እንጂ! ጋሽ ደ…»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።